መመሪያውን የጻፈችው ሰዓዳ ናት

ጠዋት ጀማል ሲደውል ስለ ስፒከር ሊያወራኝ መስሎኝ ነበር። «ሰዓዳ ወደ አኼራ ሄደች» አለኝ። «የቷ ሰዓዳ?» አልኩት። የገዛ እህቱን፣ ሁለት ዓመት አብሬያት የሠራኋትን ሰዓዳን፣ የቷ ብዬ ጠየቅኩት።

መታመሟን ሰምቼ ነበር። ትነሳለች ብዬ ነበር። ከሰዓት ሮቤ ቀብረናት መጣን፤ እኔ ግን አሁንም አልገባኝም።

ይህን የምጽፈው ለማልቀስ ብቻ አይደለም። 

የመሥሪያ ቤታችን ገጽ ላይ ፎቶዋን አይታችሁት ይሆናል። የሚያለቃቅስ ዋሽንት ለጥፈውበታል፣ «የቡድናችን ኮከብ» ብለዋታል። ቤተሰቦቿ ፎቶውንም ሙዚቃውንም አንሱልን ብለው ለመኑ። ገጹን የሚይዘው ሰውዬ ምን ብሎ መለሰ መሰላችሁ? «ትንሽ ይቆይ፣ ጥሩ እየታየ ነው።» ቤታቸው ዱዓ ላይ ነው፣ እሱ የተመልካች ቁጥር ያያል። ያስጠላል። 

ኮከባችን ያሏትን ሰው ስም ግን ሥራዋ ላይ አታገኙትም።

መሥሪያ ቤታችን የኤአይ ረዳቶች ሙዚቃ እንዲከፍቱ፣ እንዲያቆሙ፣ ድምፅ እንዲቀንሱ የሚያስችል መሣሪያ አለው። ረዳቱ የትኛውን ትዕዛዝ መቼና እንዴት እንደሚጠቀም የሚያነበው መመሪያ አለ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የጻፈችው ሰዓዳ ናት። ሮቤ ቤታቸው፣ ወንድሟ ጀማል ለሠርግና ለለቅሶ በሚያከራያቸው ድንኳንና ስፒከሮች መሃል ተቀምጣ፣ እያንዳንዱን ትዕዛዝ ራሷ ሳትሞክር አንድ መስመር አትጽፍም ነበር።

አንድ ቀን እኔ ጎባ ሆኜ ረዳቱን «የሠርግ ዘፈን አጫውት» አልኩት። በየትኛው ስፒከር እንደሆነ አልነገርኩትም፤ መመሪያውም ገና ስለዚያ ምንም አይልም ነበር። ረዳቱ መጨረሻ ለሙከራ የተጠቀምንበትን መረጠ። እሱ የጀማል ትልቁ ስፒከር ነው። በጀማል ስልክ በኩል ከኢንተርኔት ጋር እንደተያያዘ ጎሮ ለቅሶ ቤት ተወስዶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ዱዓ ላይ እያሉ በሙሉ ድምፅ የሠርግ ዘፈን ለቀቅኩባቸው።

በማግስቱ ከሰዓዳ ጋር ይቅርታ ልንጠይቅ ጎሮ ሄድን። አፌን ከመክፈቴ ቀደመችኝ። «አባባ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አውፍ ይበሉኝ።»

የሟቹ ወንድም ወደ እሷ ዞሩ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ማሽኑ ለቅሶ ቤት መሆኑን አያውቅም?»

«ካልጻፍንለት አያውቅም፣ አባባ።»

«እንግዲያ ጻፉለታ» አሉ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ «ለምን እኔ ነኝ አልሽ?» አልኳት። «አንተ ብትሆን ይቅርታውን ትተህ ስለ ኢንተርኔት ታስረዳቸው ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ጻፈችው። «ድምፁ የት እንደሚወጣ ካላወቅህ አታጫውት፤ ጠይቅ።» ከዚያ በኋላ ለሁሉ ነገር ይህችን ነበር የምትለው። አንዱ ሰው ማማት ሲጀምር፣ «ድምፁ የት ነው የሚወጣው?» ትለዋለች፣ ሰውዬው አፉን ይይዛል።

መመሪያው ሊወጣ ሲል አለቃችን የጸሐፊው ቦታ ላይ የእኔን ስም አስገባ። እሷ የኮንትራት ስለሆነች የቋሚ ሠራተኛ ስም ይሻላል አለ። ደውሎ «ችግር አለው?» ሲለኝ «የለውም» አልኩ። በቃ ይኸው ነው ያልኩት። የእኔን ጥፋት ሽማግሌ ፊት ቆማ የተሸከመችልኝን ልጅ ሥራዋን ወሰድኩባት። ፎቶዋን የለጠፈውን ሰው ስጸየፍ ነው የዋልኩት፤ ከሱ ይልቅ ግን የምጸየፈው ራሴን ነው። እሱስ ቢያንስ አያውቃትም።

መመሪያው እንደወጣ «ጥሩ ሆኖ ወጥቷል» ብላ ጻፈችልኝ።  እኔም ከዚያ ወዲህ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ሮቤ መሄድ አቆምኩ።

ዛሬ ከቀብር እንደተመለስኩ ስሜን አጥፍቼ ስሟን አስገባሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቃችን ወደነበረበት መለሰው። «ስሜታዊ አትሁን፣ ሰኞ እንነጋገራለን» የሚል መልእክትም ላከልኝ። ሰኞ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ። ለዚህ ነው እዚህ በራሴ ገጽ ላይ የጻፍኩት። እዚህ ከእኔ በቀር ማንም ሊያጠፋው አይችልም፣ እኔም አላጠፋውም። እናንተም ያንን ፎቶ አታጋሩ።

ሰዓዳ፣ ቀብርሽ ላይ ጀማል አቅፎኝ «ሁልጊዜ ስላንተ በደግ ነበር የምታነሳው» አለኝ። ለነሱ እንኳ አልነገርሻቸውም። ስምንት ወር ሙሉ ዝም አልሽልኝ። ከጎባ ሮቤ ሚኒባስ ጠፍቶ አያውቅም፤ አንድ ቀን ተሳፍሬ መጥቼ «በደልኩሽ» ልልሽ አቃተኝ። ነገ እቤታችሁ ሄጄ ለእናትሽም ለጀማልም እነግራቸዋለሁ። የሚሉኝን ይበሉኝ። ይቅር ልትይኝ የምትችይው ግን አንቺ ብቻ ነበርሽ፣ ጊዜም ነበረኝ።

አላህ ጀነትን ይወፍቅሽ፣ እህቴ። ደህና ሁኚ።