ቆርቆሮው ወጥ ሠሪ የት ደረሰ?

ጎረቤቴን የዓይን ሞራ ከጋረዳት በኋላ ፊልም የምተርክላት እኔ ሆንኩ። ለዚህ ሥራ ከእኔ የባሰ ሰው ድሬዳዋን ሙሉ ቢያስሱ አይገኝም ነበር።

ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት ምድር ባቡር ነው፣ ስልክ ላይ። ባቡር ከአንዱ ጣቢያ ሲነሳ «ወጣ»፣ ቀጣዩ ጣቢያ ሲደርስ «ገባ» እያልኩ አስተላልፋለሁ፤ ሰዓቱን መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ሐዲዱ አንድ ስለሆነ የወጣው ሳይገባ ሌላ አይለቀቅም። አለቃችን «ያልገባውን ባቡር ገባ ያለ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው» ይለን ነበር፤ ሲቀልድ አልነበረም። በዚህ ሥራ ቃል ማብዛት አይለመድም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ልጅ የወለድሽ ቀን እንኳ ‹ገባ› ብለሽ ነው የላክሽብኝ» እያለ ለእንግዳ ሁሉ ያወራብኝ ነበር።

ጎረቤቴ እንደኔ አይደለችም። ሱማሌ ናት፤ ስትቆጣ በሶማሊኛ፣ ከነጋዴ ጋር ስትከራከር በኦሮምኛ፣ በእኔ ስታሾፍ ደግሞ በአማርኛ ትናገራለች። ከዚራ ሰፈር ውስጥ አጥር ለአጥር ከኖርን ብዙ ዘመን ሆነን። አጥሩ መሀል ትንሽ በር ያስከፈትነው ባሎቻችን በሕይወት እያሉ ነው፤ ዞሮ በመንገድ መምጣት በዚያ ፀሐይ አይሞከርም። በወጣትነቷ ሲኒማ ቤት የምትውል ሴት ነበረች። ያየቻቸውን ፊልሞች አሁንም አንድ በአንድ ታስታውሳለች።

ሐኪሙ ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራቸው እንዲገፈፍ፣ አንዱ ከዳነ በኋላ ሌላው እንዲሠራ አዟል። ሁለት ጊዜ ተቀጠረች፤ ሁለቴም ቀረች። በመጀመሪያው ቀን ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ነው አለች።

«ድልድዩስ?» አልኳት።

«ድልድዩንም አላመንኩትም።»

በሁለተኛው ቀጠሮ ከጅጅጋ እንግዳ መጣብኝ አለች። እንግዳው የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነበር። ልጇ በትንሿ በር ሹልክ ብላ እኔ ጋ መጣች። «ኤዶ» ትለኛለች፣ አክስቴ እንደማለት ነው። «ኤዶ፣ ሦስተኛውን ከቀረች ሌላ ቀጠሮ የሚሰጣት የለም። አንቺን ትሰማለች» አለችኝ። ማንንም እንደማትሰማ ነገርኳት። ግን ያን ቀን ማታ ጎረቤቴን ለምን እንደምትፈራ ጠየቅኋት።

«ጭራሹኑ ቢጠፋስ?» አለች። «አሁን ቢያንስ ጥላሽን አያለሁ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝም ያለ ጥላ።»



ሦስተኛው ቀጠሮ ሰኞ ነበር። ቅዳሜ ልጇ እናቷን ለማጽናናት ከታይዋን ገበያ ፊልም የተሞላ ፍላሽ ገዝታ መጣች። ብዙዎቹ ጎረቤቴ በቃሏ የምታውቃቸው የህንድ ፊልሞች ናቸው። አንዱ ግን በፈረንሳይኛ የሚናገር የድሮ የጠፈር ፊልም ነበር። ፈረንሳይኛ ከምድር ባቡር ሥራዬ የቀረልኝ ነገር ነው። የቀትር እረፍት አልፎ አሥር ሰዓት ሲሆን በሩን ዘጋን፣ ቬንትሌተሩን አስነሳን፣ ሻይና ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ቀረበ።

«ምን ይታያል?»

«መንኮራኩር።»

«ምን ይመስላል?»

«ሁለት ሳህን። አንዱ አንዱ ላይ ተደፍቶ።»

«እሺ፣ ምን ሆነ?»

«ወጣ።»

«ወላሂ! ባቡር ነው እንዴ የምታስተላልፊልኝ? ሰዎቹን ንገሪኝ አቦ! ምን ለብሰዋል?»

የመንኮራኩሩ አዛዥ ሱሪ በጣም የጠበበ እንደሆነ ነገርኳት።

«ለዚህ ነዋ ቆሞ ብቻ የሚያወራው! ቢቀመጥ ይቀደዳል» ብላ ስትስቅ ሻይዋ ሽቲ ቀሚሷ ላይ ተደፋ። ከዋክብቱ በክር የተንጠለጠሉ ነበሩ። ክሩን ልንገራት ወይስ ልተወው ብዬ ካመነታሁ በኋላ ነገርኳት። ክሩን በጣም ወደደችው።

ታሪኩን ከእኔ ቀድማ ታውቀው ነበር። የአንዲት የጠፈር ንግሥት አማካሪ፣ ባለ ቀጭን ጢም ሰውዬ፣ ብቅ ሲል «ብቻውን ነው የሚበላው?» አለችኝ። ብቻውን ነበር የሚበላው። «ከሃዲው እሱ ነው» አለች። እውነቷን ነበር። ንግሥቲቱ ስትታሰር ደግሞ አልደነገጠችም።

«ገና ሁለት ጊዜ ትያዛለች። በሦስተኛው ራሷ ታመልጣለች።»

«ለምን ሦስት ጊዜ?»

«አንዴ ብቻ ብትያዝ ፊልሙ በሩብ ሰዓት ያልቅና ቲኬት ሻጩ ይደበደባል።»

እኔም በራሴ መንገድ አንድ ነገር ገባኝ። አዛዡ ከአንድ የጠፈር አውሬ ጋር ሲታገል ንግሥቲቱ እስር ቤት ሆና ትጠብቃለች። እሷ ስትናገር እሱ ራሱን ስቶ ይተኛል። ሁለቱ ባንድ ጊዜ መንገድ ላይ አይገኙም፤ አንዱ እስኪያልፍ ሌላው ጣቢያ ይቆማል። ይህን ስነግራት፣ «ናያ! ዛሬ ገና አፍ አወጣሽ» አለችኝ። ናያ በሶማሊኛ «አንቺ ሴት» እንደማለት ነው።

በመንኮራኩሩ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ሰው አለ፤ ወጥ ሠሪ ነው። ራሱ ባልዲ ይመስላል። ግድግዳው ሲናወጥ፣ ሰዎቹ ሲንከባለሉ፣ እሱ ሾርባ ይዞ ይገባል፤ አንዲት ጠብታ አትፈስበትም። ጎረቤቴ ከሁሉ እሱን ወደደችው። «ማንም አላመሰገነውም፣ አይደል?» እያለች ትጠይቀኛለች። እኔም አይቼ «ማንም» እላታለሁ።

ከዚያ መንኮራኩሩ ነዳጁ አልቆ አንዲት ጨለማ ጨረቃ ላይ ቆመ። ነዳጅ የሚሆነውን የሚያበራ ድንጋይ አንድ ሰው ወጥቶ ማምጣት አለበት። አዛዡ ተነሳ። ቆርቆሮው ግን «ጌታዬ፣ ሾርባዎ ይቀዘቅዛል» ብሎ በእሱ ፈንታ ሄደ።

«ወጣ» አልኩ።

መብራት ጠፋ።

ቬንትሌተሩ እየዘገመ ቆመ። መብራቱ እስከ ምሽት አልመጣም። ልሄድ ስነሳ፣ «ሰኞ ሆስፒታል አልሄድም» አለች። «እሱ ሳይገባ የትም አልሄድም።» እየሳቀች ነው የተናገረችው። እኔ ግን ሦስተኛዋ ምክንያት እንደሆነች አወቅሁ። ልጇም በር ላይ ቆማ ሰምታለች።

ፍላሹን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ የቀረውን ክፍል ብቻዬን አየሁት። ቆርቆሮው ድንጋዩን አምጥቶ በበሩ አቀበለ፤ በሩ ተዘጋ፤ መንኮራኩሩ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ጦርነት አለ፣ ማምለጥ አለ፣ ሠርግ አለ። ስለ ወጥ ሠሪው አንድም ሰው አይናገርም። ሠሪዎቹ ረስተውታል። ያመለጠኝ ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው አየሁት። የለም።

አሥር ሰዓት ላይ በትንሿ በር ገባሁ።

ያን ቀን ከወትሮው የተሻልኩ ተራኪ ነበርኩ። የጦርነቱን ጭስ፣ ንግሥቲቱ በሦስተኛው ጊዜ እንዴት እንዳመለጠች፣ ከሃዲው ካባው በር ተዘግቶበት እንዴት እንደተያዘ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ግን በየመሀሉ «እሱስ?» ትላለች። «ቆይ» እላለሁ። ሠርጉ ደረሰ። ሁሉም ተሰልፈው ቆሙ።

«እሱስ?»

ቴሌቪዥኑን አየሁ። ከዚያ እሷን አየሁ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ከጥላ በቀር በማያዩ ዓይኖቿ ወደ ድምፁ ዞራለች።

«ገባ» አልኩ።

«በየት በኩል?»

«ከበስተኋላ። ትልቁ በር ተከፈተና ገባ። አቧራ ለብሷል። ሾርባ ይዟል።»

«ፈሰሰበት?»

«አልፈሰሰበትም። ንግሥቲቱ ተነሥታ ተቀበለችው።»

ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ፊልሙ አልቆ ጽሑፉ ሲወጣ እኔ ቶሎ አጠፋሁት።

«በይ» አለች ሻይ ልታነሳ የገባችውን ልጇን፣ «ለነገ ባጃጅ ንገሪ። በጠዋት ይምጣ።»

ያን ሁሉ ዓመት ስልክ ላይ ስቀመጥ ያልገባውን ገባ ብዬ አላውቅም። ማታ አለቃችን ትዝ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ሄድን። ባጃጁ ውስጥ እኔና ልጇ በግራና በቀኝ ተቀመጥን፤ እሷ መሀል ሆና ከባለ ባጃጁ ጋር በኦሮምኛ ስለ አነዳዱ ተከራከረች። ነርሷ እጇን ይዛ ስታስገባት የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ ሦስት ከሃያ። በቀጠሮ ካርዷ ጀርባ ላይ ጻፍኩት። ልጇ ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም። አግዳሚው ላይ ሆና መቁጠሪያዋን ትቆጥር ነበር። አራት ከአሥር ላይ ጎረቤቴ ዓይኗ ታሽጎ ወጣች። ያንንም ጻፍኩ። ካርዱ አሁንም አለኝ።

ፋሻው ሲነሳ አጠገቧ ነበርኩ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«አርጅተሻል» አለች።

«አንቺም።»

«እኔማ አውቃለሁ። አንቺን ነው ያልነገሩኝ።»

ብርሃኑን ከለመደች በኋላ ያንን ፊልም በዓይኔ ልየው አለች። ፍላሹ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ አልኳት። በሌላ ቀን መብራት ይጠፋል አልኳት። በሦስተኛው ቀን ራሴን አሞኛል አልኳት።

«ደቻቱ ሞላ በይኛ!» አለችኝ።

ፍላሹን አመጣሁ።

ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። በሱሪው ሳቀች። ክሩን አይታ «ነጭ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ወቀሰችኝ። ቆርቆሮው ብቅ ሲል «ይኸው፣ እንዳሰብኩት ነው» አለች። ጨረቃዋ ላይ ሲወርድ መነጽሯን አስተካከለች። ሠርጉ ላይ ወደፊት ጎንበስ አለች። ትልቁ በር ከኋላ ይታያል፤ ተዘግቷል። አልተከፈተም። ጽሑፉ መውጣት ጀመረ።

«አልገባም» አለች።

«አልገባም።»

«ታውቂ ነበር?»

«ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር።»

በሶማሊኛ እስክትጮህብኝ ጠበቅሁ። በአማርኛ ነው የተናገረችው።

«ሾርባውንስ ከየት አመጣሽው?»

«እሱን እኔ ጨመርኩበት።»

መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የሳቀው፤ ከዚያ ሁለመናዋ። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በጥንቃቄ ጠረገች፤ ሐኪሙ እንዳይታሽ ብሏታል። «አንቺ! ቃል የሚቆጥብ ሰው ሲዋሽ እንዲህ ያሳምራል?» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ በሠሪዎቹ ተናደደች። «ያወጡትን ሰው ሳያስገቡ ፊልም ይጨርሳሉ? ቲኬት ሻጩን መደብደብ ያንሳል፤ ራሳቸው ነበሩ መደብደብ ያለባቸው።»

«መልሺው» አለች ከዚያ።

ሠርጉ ድረስ መለስኩት። የዳነውን ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ሞራ ያለበትን ብቻ ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረች።

«በይ።»

«ምን ልበል?»

«ያኔ ያልሽውን።»

«ገባ» አልኩ።

«በየት በኩል?»

ከበስተኋላ፣ በትልቁ በር፣ አቧራ ለብሶ፣ ሾርባ ይዞ እንደገባ ነገርኳት። ንግሥቲቱ እንደተቀበለችው ነገርኳት። አሁን ደግሞ አዛዡም ተነሣ። ያንን ያኔ አላልኩትም ነበር፤ እሷም ልዩነቱን አውቃ አለፈችው።

የሁለተኛው ዓይን ቀጠሮ ሐሙስ ነበር። ሌሊቱን ተራራው ላይ ዘንቦ ደቻቱ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ባጃጁን እሷ ራሷ ጠራች። በድልድዩ ሄድን።