ኬብሉ ንጹሕ ነው

ቢሮው ውስጥ «ዝግታ» ይሏታል። የኔትወርክ መሣሪያዎችን ከርነል፣ ማለትም የማሽኑን ሥራ ሁሉ ከሥር ሆኖ የሚመራውን ፕሮግራም፣ ስትጠግን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን ስትጣደፍ ያያት የለም። እሷም ስሙን አልጠላችውም። የቸኮለ አፍሶ ሲለቅም ስንቱን አይታለች!

በዚያ ሰሞን አንድ ሆስፒታል የገባው መሣሪያቸው በየዘጠኝ በየአሥር ቀኑ ድንገት ቀጥ ይል ጀመር። አለቃው «ኮዳችን ተሳስቷል» ማለት ሞት መሰለው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ኬብል የዘረጋውን ቴክኒሻን ያዘ። ሰውየው «ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ፣ ኬብሉ ንጹሕ ነው» ቢል ማን ሰምቶት! የስንብት ደብዳቤው ዓርብ ሊሰጠው ተወሰነ።

ዝግታ ግን አመነችው። ኮዱን ከላይ እስከ ታች ስታነብ ሰነበተችና ማክሰኞ ምሳ ላይ ጡረታ ለወጣችው ነርስ እናቷ አወራቻት።

«እማዬ፣ ኮዱ ውስጥ ሁለት ሠራተኞች አሉ እንበል። አንዱ ግንኙነቱ አልቋል ብሎ የሜሞሪውን ቦታ ይለቃል፤ ሌላው ገና እዚያው ላይ እያነበበ ነው። ቦታው ደግሞ ወዲያው ለሌላ ይሰጣል።»

«ውይ! ይሄማ የአልጋ ጣጣ ነው» አለች እናት። «በሽተኛውን አስወጥተሽ ሌላ ታስተኚበታለሽ፤ መርፌ ይዛ የመጣችው ነርስ በድሮው ወረቀት አዲሱን ትወጋዋለች። እኔ ክፍል የበሽተኛው ካርድ ሁሉ ሳይመለስ አልጋ አይለቀቅም ነበር!»

ጭንቁ ማስረጃው ነበር። ሁለቱ የሚጋጩባት ቅጽበት ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አትሞላም፤ ወር ቢጠብቁ ላትታይ ትችላለች። ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት፣ አንባቢውን ግማሽ ሴኮንድ የምታቆም አንዲት መስመር ቢሮ ባለው ተመሳሳይ መሣሪያ ኮድ ውስጥ ጨመረችና አለቃውን ጠራችው። መሣሪያው ቀጥ ብሎ ወደቀ። አስነሱት፤ ደግሞ ወደቀ።

«አንቺ ነሽ ያበላሸሽው!» አለ አለቃው።

«እኔ ዘግየት እንዲል ብቻ ነው ያደረግኩት። ጤነኛ ኮድ ስለዘገየ አይወድቅም።»

ከዚያ ጥገናውን አስገባች፦ ቦታውን የያዘ ሁሉ ይቆጠራል፤ የመጨረሻው ሳይወጣ ቦታው አይለቀቅም። ማዘግያዋን መስመር ሳታነሳ መሣሪያውን አስነሳችው። ረቡዕን ዋለ፤ ሐሙስንም ዋለ። ዓርብ ጠዋት አለቃው ደብዳቤውን ቀደደው፤ ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም። ዝግታ ኮራች፣ ለምን ትደብቀዋለች? እስከ ጠረጴዛዋ ድረስ ቀና ብላ ሄደች።

ጥገና ወደ ዋናው ኮድ ሲገባ ከሥሩ ሁለት ስም ይጻፋል፤ የጠገነውና ችግሩን ያመለከተው። የራሷን ጻፈች። ቀጥላ የቴክኒሻኑን ስም ከነአባቱ አሰፈረች።

«እሱ ደግሞ ምን አደረገ?» አለ አለቃው።

«ከሁላችንም በፊት እውነቱን ተናገረ።»

ቴክኒሻኑ ተጠርቶ መጣና ስክሪኑ ፊት ቆሞ ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እህቴ፣ ይሄን የሚያጠፋው አለ?»

«ኮዱ እስካለ ድረስ፣ ማንም አያጠፋውም» አለችው።