የራሳችንን ምስጢር ስንለምን

ኮምቦልቻ አንድ የፈሳሽ ሳሙና ፋብሪካ ውስጥ መዝገብ ያዥ ሆኜ ስሠራ፣ ሥራ አስኪያጃችን ለሦስት ቀን ሥልጠና አዲስ አበባ ሄደው ሌላ ሰው ሆነው ተመለሱ። ሥልጠናው ድርጅትን ከሰላይ ስለ መጠበቅ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሰብስበውን «ከመካከላችን ሰላይ አለ» አሉ። ዘወር ዘወር እያልን ተያየን። አሥራ አንድ ነበርን፤ አንዷ ነፍሰ ጡር፣ ሁለቱ ወንድማማቾች።

የፈሩት ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሌላውን የሳሙና ፋብሪካ ነው። በዚያው ቀን የበርሜሎቹ ስም ተላጠና የቦታ ስም ተለጠፈባቸው። አሲዱ «ኩታበር»፣ ሶዳው «ደጋን»፣ ጨው «ፒያሳ» ተባለ። የትኛው ከየትኛው ጋር በምን ያህል መጠን እንደሚዋሃድ የሚገልጸው ዝርዝር በእሳቸው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ቀረ። ሌላውን ወረቀት ሁሉ ጓሮ ወስደው በእጃቸው አቃጠሉት።

ከተቃጠለው መካከል የማዋሃጃ ክፍሉ ኃላፊ ደብተር ነበረበት። ፋብሪካው ከተከፈተ ጀምሮ ሳሙናውን የሚያዋህዱት እኒህ አዛውንት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ደብተራቸው ሲነድ ቆመው ዐዩና «ግድ የለም፣ አፍንጫዬን አላቃጠሉትም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እውነትም ክዳኑን ከፈት አድርገው ሲያሸቱ ኩታበርን ከደጋን ይለያሉ።

ቀጥሎ ፍተሻ መጣ። ስንወጣ ኪሳችን፣ የምሳ ዕቃችን፣ ጫማችን ሳይቀር ይታያል። አንድ ቀን ጋሼ ለዙህር ሶላት ወደ መስጊድ ሲወጡ ዘበኛው ኮፊያቸውን አስወለቃቸው።

«ይህን ያዘዙህ እሳቸው ናቸው?»

«አዎ ጋሼ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

ኮፊያቸውን ሳይቀበሉት ሄዱ፤ አልተመለሱም። በሳምንቱ ማዶ ተቀጠሩ ሲባል ሰማን። ሥራ አስኪያጃችን ጠረጴዛ መትተው «አላልኳችሁም? ሰላዩ ተገኘ!» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። የኮምፒውተራቸውን የይለፍ ቃል በየሳምንቱ ይቀይሩ ነበርና አንድ ቀን ጠፋባቸው። በግምት ማዋሃድ ጀመርን። አንዱ ዙር እንደ ውሃ ቀጠነ፤ ሌላው ጠርሙስ የሚሞሉትን ሴቶች እጅ ላጠ። የደሴ ነጋዴዎች ዕቃውን በሚኒባስ ጭነው መለሱልን።

በመጨረሻ ሥራ አስኪያጃችን እኔን ጋሼ ቤት ላኩኝ። አስቀመጡኝ፣ የእናቴን ጤና ጠየቁኝ። ጉዳዬን ስነግራቸው ግን አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄ፣ መጠኑ እዚህ አለ» ብለው ግንባራቸውን ነኩ። «አሁን እነሱም በዚሁ ነው የሚሠሩት። ግን የሥራ ምስጢር አላወጣም ብዬ ፈርሜላቸዋለሁ።»

«ጋሼ፣ የእኛው እኮ ነው!»

«ወላሂ የእናንተው ነው። ቃሌ ግን የእነሱ ነው። አለቃዬን ጠይቁ።»

ሥራ አስኪያጃችን ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ከረባት አሥረው፣ እኔን አስከትለው መንገዱን ተሻገሩ። የማዶው ሥራ አስኪያጅ በትሕትና ተቀበሉን። ግድግዳቸው ላይ ያው የሥልጠና ምስክር ወረቀት ተሰቅሏል፤ ለካ ሁለቱም የተማሩት አንድ አዳራሽ ነው። ሰውየው ከመሳቢያ አንድ ገጽ አወጡ፤ አናቱ ላይ «ጥብቅ ምስጢር» የሚል ማኅተም አርፎበታል። ከመስጠታቸው በፊት ግን ሌላ ወረቀት አቀረቡ፤ ተቀባዩ ይህን የአሠራር ምስጢር ለማንም አሳልፎ እንዳይሰጥ የሚያስገድድ ውል።

«የራሴን?» አሉ አለቃችን።

«ሥልጠናው ላይ እንዲህ ነው የተባልነው እኮ።»

ፈረሙ። እኔም በምስክርነት ፈረምኩ።

በሳምንቱ ሳሙናችን ዐረፋ አወጣ። አለቃችን ወረቀቱን ካዝና ውስጥ ቆለፉበት፤ ቁልፉን የት እንዳደረጉት ለማንም አልነገሩም። እኔ ግን ውሉ በተፈረመ ዕለት ወደ ቤቴ ወደ ደሴ ስመለስ፣ ከገጹ ላይ አንብቤ በቃሌ የያዝኩትን መጠን ሚኒባስ ውስጥ አንድ በአንድ ጽፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ ሸጉጬዋለሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።