ጋሽ መርዕድ የደበቋት ፎቶ

ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ የጋሽ መርዕድ ፎቶ ቤት አለ። ሰው ሁሉ በስልኩ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ሥራው ቢቀዘቅዝም፣ የድሮ ፎቶዎቻቸው ድረ ገጽ ላይ ተጭነዋል። ድረ ገጹ ግን ደጋግሞ ስለተቀየረ፣ የቀድሞዎቹ ሊንኮች አንዱ ወደ ሌላው እየመሩ መጨረሻቸው ባዶ ገጽ ሆኗል። ኢንተርኔት ላይ ፎቶ የሚፈልግ ሰው ምንም አያገኝም። ይህን ላስተካክልላቸው ባለፈው ሳምንት ሄድኩ።

እያንዳንዱን የድሮ ሊንክ በቀጥታ ከፎቶው ጋር ሳገናኝ፣ ጋሽ መርዕድ አጠገቤ ተቀምጠው በትዝታ ይነጉዳሉ።

«ይሄ ከጎጃም የመጣ ወታደር ነው፤ ለእናቱ ሊልከው ተነሳ። እነዚህ ደግሞ ሐኪም ጋራ ተራራ ሥር ይኖሩ የነበሩ መምህራን ናቸው።»

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ አፍሮዋን ያበጠረች ቆንጆ ብቅ አለች። ጋሽ መርዕድ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«የይቺን ሊንክ ወደ ድረ ገጹ መጀመሪያ መልሰው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እንደዚያ ካደረግኩ እኮ የሚፈልጋት ሰው አያገኛትም።»

«አያግኛት! ከባለቤቴ በፊት ያጨኋት ናት።»

ይህን ጊዜ ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ምሳ ይዘው ገቡ። ጋሽ መርዕድ ደንግጠው ኮምፒውተሩን በባርኔጣቸው ሸፈኑት። እትዬ አስቴር ባርኔጣውን አንስተው አዩና አጨበጨቡ።

«ጽጌ! ተገኘች! እሷ ከድሬዳዋ፣ እኔ ከዚህ ይህን ፎቶ ስንፈልግ ባዶ ገጽ እየመጣብን ስንት ጊዜ ተናደድን!»

ጋሽ መርዕድ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ከጽጌ ጋር ትገናኛላችሁ እንዴ?»

«ካገባኸኝ ጀምሮ።»