ሽማግሌዎቹና የስልክ ጨዋታው

ጠጋ በሉማ ልጆቼ። ጋምቤላ ማንጎ በየደጁ በሚረግፍበት ሰሞን ነው። ያሳደግኳት የልጅ ልጄ ሰናይት ወጣቶችን ስለ ኤች አይ ቪና ስለ አባላዘር በሽታ የሚያስተምር የስልክ ጨዋታ ነበራት። ፊደል ስለማላውቅ እሷ ታነብልኛለች፣ እኔ እነካለሁ። በጨዋታው ያለችው ልጅ ወዳጇን «ተመርምረሃል?» ሳትለው አብራው ከተኛች መሸነፍ ነው። እኔማ ስንቴ ተሸነፍኩ!

አንድ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ሰናይትን ለትዳር ሊጠይቁ ነው አልኩ በልቤ፤ ከእሷ ሌላ ማን አለኝ? ገና ሳይቀመጡ፣ «ሰውየው ሳይመረመር ልጄን አልሰጥም! ኮንዶም ያውቅ እንደሆነም ጠይቁልኝ!» አልኳቸው።

ሰናይት አፏን በነጠላዋ ያዘች። አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እትዬ ዘነበች፣ የመጣነውስ ለርስዎ ነው። መንገሻ ልኮን» አለኝ።

ጎረቤቴ መንገሻ! ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከባሮ ዓሣ ሲያመጣልኝ ለጽድቅ መስሎኝ!

ቃሌን እንዴት ልብላ? «እሱም ቢሆን ይመርመር» አልኩ።

መንገሻ ሰምቶ በማግስቱ መጣና፣ «አንቺስ ተመርምረሻል?» አለኝ። አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን፤ ተራ ስንጠብቅ ወጣቱ ሁሉ ሲስቅብን ዋለ።

ደህና ናችሁ ተባልንና ተጋባን። ሰናይት ጎግ ወረዳ ሄዳ ነርስ ሆነች፤ ትዳር ይወስድብኛል ያልኳት እሷ እስካሁን አላገባችም፣ ያገባሁትስ እኔ!