የዳማው ድርሻ

የታሰርኩት ፈረስ ጋጣ ውስጥ ነበር። ጣሊያን ሆሳዕናን ከያዘ በኋላ የቀድሞው ገዢ ጋጣ በጭቃ ተመርጎ ወህኒ ቤት ሆነ፤ የፈረስ ሽንት ሽታ ግን አልለቀቀውም። ወንጀሌ ለአርበኞች ደብዳቤ መጻፍ ነው። ጽፌያለሁ። በሦስተኛው ቀን ሲገርፉኝ ጩኸቴ ገበያው ድረስ ተሰማ ይላሉ።

እዚያ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት የሀዲያ ልጅ አገኘሁ። አባቱ ዱር ቤቴ ብሎ የገባ አርበኛ ነው። ተከቦ በእግሩ ሲያመልጥ ልጁና ዳማ ፈረሱ ተያዙ። ልጁ ጠባቂዎቹን ይሳደባል፣ ይገረፋል፣ ይጮሃል፤ በማግስቱ እንደገና ይሳደባል። እውነቱን ለመናገር ሰለቸኝ።

ፈረሱ ባዕድ አላስጠጋ አለ። የአንዱን ባንዳ ጉልበት ረግጦ ሲሰብር ጊዜ፣ ልጁ በየማለዳው እየወጣ ውሃ እንዲያጠጣው ተፈቀደለት። በመጀመሪያው ቀን በንዴት ገመዱን ቢጎትተው ዳማው ጭቃ ላይ ጣለው። አብረውን የታሰሩት ሽማግሌ በዚያው ጋጣ ባልደራስ ሆነው ፈረሶች ሲያሠለጥኑ የኖሩ ናቸው። ሁሉን በበሩ ስንጥቅ አይተዋል።

«ተቆጥተህ ሄድክ፣ እሱ ፈራ። መጀመሪያ አንተ ተረጋጋ» አሉት።

«አልተቆጣሁም፣ አባባ።»

«ለኔ ዋሸህ። ለፈረስ አይዋሽም።»

ከዚያ ወዲህ ልጁ ሳይወጣ በፊት ትንፋሹ እስኪረጋ በሩ ላይ ይቆም ጀመር። ስድቡንም ተወ። በተገረፈ ቀን ስለማያስወጡት፣ ዳማው ውሃ ሳያገኝ ይውላል።

አንድ ቀን ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን ፈረስ አስርበው ይለቁታል። አባትህ የተደበቀበትን ያውቃል። እሱ ይሄዳል፣ እነሱ ይከተላሉ» አሉ።

ልጁ ጠጋ ብሎ፣ «ምን ይሻላል?» አለ።

«የተራበ ፈረስ ወዳበላው ነው የሚሄድ። እዚህ ይልመድ።»

ከቤት ከሚመጣልን የገብስ ቆሎ እያንዳንዳችን አንድ አንድ እፍኝ አወጣን። ልጁ በየማለዳው በራችን ሥር አቁሞ ያበላው ነበር። እኔ «ሰው በተራበበት ፈረስ ይቀለባል?» ብዬ አጉረመረምኩ፤ በመጀመሪያው ቀንም የእፍኜን ግማሽ ደበቅኩ። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሽማግሌው እንዳሉት ሆነ። ሦስት ቀን ፈረሱን አስራቡት፣ ልጁንም ከለከሉት። ዳማው ባሽካካ ቁጥር ልጁ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ይደፋል። በአራተኛው ቀን ጠዋት የጣሊያኑ መኮንንና ባንዳዎቹ በቅሎ ላይ ወጥተው የግቢውን በር አስከፈቱ። ፈረሱ ወጣ። ኮቴው ወደ ሆመቾ በሚወስደው መንገድ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። የልጁ አባት አለቀለት ብዬ ደመደምኩ። ልጁ ከተቀመጠበት አልተነሣም።

ከዚያ ኮቴው ተመለሰ። ዳማው በቀጥታ በራችን ድረስ መጥቶ አፍንጫውን ስንጥቁ ላይ አድርጎ ተነፈሰ።

መኮንኑ ተከትሎት ደረሰ። አስተርጓሚው በሩን ከፍቶ፣ «ያበላው ማነው?» አለ። ሽማግሌው ሊነሡ ሲሉ ልጁ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው።

«እኔ ነኝ» አለ። «መጀመሪያ ፈረሱን ልሰረው።»

ፈቀዱለት። አሰረው፣ አንገቱን ዳሰሰው፣ ከዚያ ራሱ ወደ መግረፊያው ግንድ ሄደ። አለንጋው ሲያርፍ ይሰማኛል። ጩኸቱን ጠበቅኩ። ቆጠርኩ፣ ጠበቅኩ፤ አልመጣም።

ሲመልሱት ሽማግሌው ጀርባውን በውሃ አራሱለት። «ለምን አልጮህክም?» አልኩት።

«ብጮህ ይበረግጋል፣ ጋሼ» አለ። «ሦስት ቀን አልበላም እኮ፣ ደክሟል።»

የዚያን ቀን የቆሎ ድርሻዬን ሙሉውን ለዳማው ብዬ ሰጠሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ።

አሁን እዚሁ ሆሳዕና ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ። አልታዘዝ ያለ ልጁን እየጎተተ የሚያመጣልኝ አባት አይጠፋም። «የኔታ፣ ገርፈው ሰው ያድርጉልኝ» ይላል። እኔም «ፈረስ አላችሁ? ልጁ ይቀልበው» ብዬ እመልሳለሁ። ጃጀ እያሉ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። አለንጋ ምን እንደሚያስተምር እኔ አውቃለሁ። ጩኸቴን ገበያው ሰምቶታል።