ተከራይ ያለበት ቤት የገዛው ሾፌር

«ፍሬን» ይሉታል። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ሲነዳ ቁልቁለት ላይ እንኳ ፍሬን መያዝ ስለማይወድ በሹፈት የወጣለት ስም ነው። ጡረታ ሊወጣ ሲል ሁለት ክፍል ቤት ገዛ፤ በፊተኛው ከሚስቱ ጋር ሊኖር፣ የጓሮውን አከራይቶ በኪራዩ ሊጦር። ሚስቱ፣ ከመፈረምህ በፊት ጓሮ ያለውን ተከራይ አነጋግረው፣ ውሉንም አንብብ ብላው ነበር። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጣሪያውን በዱላ ቀጥቀጥ አደረገ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋ፣ ፈረመ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

ተከራዩ በያጅ ነው፤ ክንደ ወፍራም፣ ዝምተኛ። ከቀድሞው ባለቤት ጋር የተፈራረመው ውል ዓመት ተኩል ይቀረዋል፤ ቤቱ ቢሸጥም ውሉ እንደሚጸና በግልጽ ተጽፎበታል። ምነው ታዲያ መጀመሪያ ቢያነበው!

አንድ ሐሙስ የፍሬን ልጅ ደወለች። ባሏ እንደገና ደብድቧት ሁለት ጥርሷን አርግፏል። ልጆቿን ይዛ ቅዳሜ ልትመጣ ነው። የፊተኛው ክፍል አልጋው ከገባበት ወዲህ መላወሻ የለውም። ቢሆንም ፍሬን ነይ ልጄ፣ ክፍልሽ ዝግጁ ነው አላት። ዝግጁ አልነበረም።

በያጁን ልቀቅልኝ ቢለው ወረቀቱን አሳየው። ቁጭ ብሎ፣ ልጄ ጥርሷ ረግፎ እየመጣችብኝ ነው ቢለው ማን ያውቃል፣ ሰውየው ልብ ነበረው። ፍሬን ግን የቤቱን ገመና ለተከራይ መናገር አፈረ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ በያጁ ሥራ እስኪሄድ ጠብቆ ዲጂኖ አነሳና የጓሮውን በር ከነመቃኑ ነቀለው። በር በሌለው ቤት ማን ያድራል ብሎ ነው። የስንት አከራይ የጅል ዘዴ!

በያጁ ጓንቱን ረስቶ ኖሮ ተመልሶ መጣ። በሩ መሬት ላይ ተጋድሟል። የፍሬንን አፍንጫ በቡጢ አፈረጠው። ፍሬን ደሙን ተፋና እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ዲጂኖውን በያጁ ክንድ ላይ አወረደበት፤ አጥንቱ ቀው ሲል ጎረቤት ሰማ። ጥሎት ደረቱ ላይ ወጣ፣ በሁለት እጁ አንገቱን አነቀ።

«ልቀቅ!» ይላል ፍሬን፤ ቤቱን ማለቱ ነው።

«ልቀቅ!» ይላል በያጁ ከሥር፤ አንገቴን ማለቱ ነው።

ሊገላግሉ የሮጡት ጎረቤቶች ማን ምን እንደያዘ ግራ ገብቷቸው ቆሙ፤ አንዱማ ሳቁ አመለጠው። የበያጁ ፊት ሲጠቁር ነው ሳቁ የጠፋው። የፍሬንን እጅ ሊያላቅቁ ቢታገሉ አቃታቸው።

«አባዬ፣ ልቀቀው።»

ልጁ ናት። ትንሹን አዝላ፣ ሻንጣዋን ይዛ ከግቢው በር ቆማለች። ትልቋ ልጇ ጆሮዋን በእጆቿ ደፍና ግድግዳ ሥር ኩርምት ብላለች፤ ቤቷ የለመደችው ነው። ፍሬን እጁን አነሳ። በያጁ እያሳለ ተንከባለለ። ልጁ ደም የነካውን የአባቷን እጅ አየችው፤ ከዚያ ትልቋን ከግድግዳው ሥር አንስታ፣ በመጣችበት ተመለሰች። እናትየው እየጮኸች ብትከተላትም ዞር አላለችም።

በያጁ ክንዱን በጄሶ አሳስሮ በሳምንቱ ለቀቀ። ፍሬን ስድስት ወር ታሰረ። ሲፈታ በሩን መልሶ ተከለ፣ ክፍሉን ቀለም ቀባ፣ ሁለት ትንንሽ አልጋ አስገባ። ከዚያ ልጁ ከተማው ማዶ ክፍል መከራየቷን ሰምቶ ሊያመጣት ሄደ።

አከራይዋ ጠና ያለች ሴት ናት፤ ተከራይ ስትቀበል ሁሉን ጠይቃ፣ ጽፋ፣ አስፈርማ ነው ቁልፍ የምትሰጠው። በሩን ገርበብ አድርጋ ማን ልበል አለችው። አባቷ ነኝ አላት። ቆይ ብላው ገብታ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«ስትገባ፣ የማላስገባብሽ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር» አለችው። «ሁለት ሰው አስመዝግባለች። ባሏን፣ እርስዎንም።»